ሁለት ጆሮ ያለው እንስራ

ጎብዬ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና ዳር ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ራያ ሜዳ አዙራ የምትኖር ስለ ሆነች፣ ሐመርና መልሕቅ፣ ቀዛፊና ማዕበል የሚባሉትን ነገሮች አብዛኞቻችን ያወቅናቸው በመጽሐፍ ንባብ እንጂ በዓይን አይደለም። በልጅነታችን ከባሕር ወገን የሚደርሰን ነገር ቢኖር ከዞብል ተራራ ማዶ፣ ከአፋር ቆላ፣ በግመል ጀርባ የሚመጣው ጨው ብቻ ነበር። እንዲህ ካለ አገር የተወለደ ሰው ስለ ሰጠሙ መርከቦች ልጻፍ ብሎ ብዕር ሲያነሣ አንባቢ ቢስቅበት አይቀየምም፤ ዳሩ ግን እኔን ያነሣሣኝ ከመርከቡ ይልቅ መርከቡ ጭኖት የመጣው ስም ነው።

የስምን ነገር ደግሞ የቆቦ ሰው ያውቀዋል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ከመኪና ወርዶ «ኮቦ ይህች ናት?» ብሎ ሲጠይቅ የመንገድ ዳር ልጆች የሚስቁት በክፋት አይደለም፤ ቀ እና ከ ለእነርሱ እንደ ጤፍና እንደ ማሽላ የተለያዩ እህሎች ስለ ሆኑ፣ አንዱን በሌላው ፈንታ የሚሰፍር ሰው ማየታቸው ስለሚያስደንቃቸው ነው። እንግዳውም ጥፋት የለበትም፤ በላቲን ፊደል ተጽፎ ያገኘው ስም አንዱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ አላሳየውምና። ጎብዬንም ራሷን አንዱ ጎብየ፣ ሌላው ጎቢዬ እያለ ይጽፋታል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሌሎች አገሮች ስም የምናገረውን ሁሉ የምናገረው የገዛ ከተማዬን ስም አጻጻፍ ገና ተከራክሬ ያልጨረስሁ ሰው ሆኜ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ የወንድሜ ልጅ ነው። በቆቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚከታተል ብላቴና ሲሆን፣ ከባሕር ሥር ስለ ወጣ አንድ ጥንታዊ የነሐስ መሣሪያ አንብቦ ሲያበቃ ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ አንቲካይቴራ ነው፣ አንቲኪቴራ ነው፣ ወይስ አንዲኪቲራ? ሦስቱንም አግኝቼአለሁ» አለኝ። ወዲያው ልመልስለት አልቻልሁም። ጥያቄው የአንዲት ደሴት ስም ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ ባሰብሁት ቍጥር ግን የአባቶቻችንን ጆሮ የሚመለከት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሚ ከምትባል ደሴት የተነሡ ሰፍነግ ለቃሚዎች ማዕበል አስገድዷቸው፣ ከቀርጤስ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ተጠግተው ሳሉ፣ ኤልያስ ስታድያቲስ የተባለው ጠላቂ ወደ ጥልቁ ወርዶ ሲመለስ ከሥር የሰውና የፈረስ ሬሳ ተከምሮ አየሁ ብሎ ባልንጀሮቹን አስደነገጠ፤ አለቃው ድሜጥሮስ ራሱ ጠልቆ ቢመለከት ግን ሬሳ የተባለው የነሐስና የእብነ በረድ ምስል ሆኖ ተገኘ። መርከቡ የሰጠመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ሐውልቶቹ ወደ አቴና ቤተ መዘክር ከተወሰዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ማንም ልብ ሳይለው ተጥሎ ከነበረ የዛገ የነሐስ ጓል ውስጥ ጥርስ ያለው መንኰራኵር ብቅ ብሎ ታየ። ዛሬ ከዚህ መሣሪያ የተረፉት 82 ስብርባሪዎች ሲሆኑ፣ በውስጣቸው 30 ጥርሳም መንኰራኵሮች ተቈጥረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በጨረር ተመርምሮም የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ፣ የግርዶሽንም ወራት የሚያሰላ እንደ ነበረ ተረጋግጧል።

በዚህ ቦታ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የነበረ አንባቢ ጆሮውን ያቅና። በመሣሪያው ጀርባ በተቀረጸው ጽሑፍ ላይ ከተነበቡት ቍጥሮች ሁለቱ 19 እና 76 ናቸው። አሥራ ዘጠኙ ዓመት በእኛ ዘንድ ንዑስ ቀመር፣ ሰባ ስድስቱ ማዕከላዊ ቀመር የሚባሉት ናቸው፤ 532 ዓመት የሚሆነውን ዐቢይ ቀመር ይዘው መጥቅዕና አበቅቴ የሚያወጡ መምህራን፣ በራያም ሆነ በላስታ፣ ያን የነሐስ መሣሪያ የሠራው ሰው ከሚያውቀው የሰማይ ሒሳብ አንዱን ክፍል በቃላቸው ይዘው ኖረዋል ማለት ነው። የባሕረ ሐሳብን ቀመር ገለጠልን የምንለው አባትም የእስክንድርያው ዐሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነው። ሒሳቡን ከባሕር ያወጣው ድሜጥሮስ፣ ሒሳቡን ለቤተ ክርስቲያን ያደለው ድሜጥሮስ! ይህን መገጣጠም ተአምር አላደርገውም፤ ስሙ በጽርእ፣ ማለትም በግሪክ፣ አገር እንደ እኛው ተስፋዬ የተዘወተረ ነውና። ሆኖም የሰፍነግ ለቃሚውን ባልንጀሮች ብትጠይቋቸው አለቃቸውን ድሜጥሮስ አይሉትም ነበር፤ ዲሚትርዮስ ይሉታል፣ የመጀመሪያውንም ፊደል ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው ያለዝቡታል። ከሁለቱ አንደኛው ተሳስቷል?

አልተሳሳተም። የጽርእ ልሳን በጥንት ዘመን በአፍ ከሚዘጉት ድምፆች የማይነዝሩትን በሁለት ወገን ከፍሎ ይናገር ነበር፤ ትንፋሽ የሚከተላቸውና ትንፋሽ የማይከተላቸው። ትንፋሽ የማይከተላቸውን ቃጳን፣ ጣውንና ጲን አባቶቻችን በጆሯቸው መርምረው ቀ፣ ጠ፣ ጰ ብለው ጻፉ፤ ትንፋሽ የሚከተላቸውን ኪን፣ ቴታንና ፊን ደግሞ ከ፣ ተ፣ ፈ አሏቸው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጢሞቴዎስ በሚለው አንድ ስም ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል ጣው ስለ ሆነ በጠ፣ ኋለኛው ቴታ ስለ ሆነ በተ ተጽፏል፤ ፊልጶስ ውስጥ ፊና ጲ፣ ቆሮንቶስ ውስጥ ቃጳና ቴታ ሳይቀላቀሉ ተቀምጠዋል። የእንግሊዝ ጆሮ በጢሞቴዎስ ስም ውስጥ ሁለቱን ቢለይም በጴጥሮስና በፊልጶስ ያለውን ጲ ግን ከራሱ ልሳን ፒ አይለየውም፤ የእኛ ፊደል ግን ለዚህ ለጲ ብቻ ሲል ጰ የሚባል አዲስ ገበታ አስፋ። ግዕዝ በባሕርዩ ይህ ድምፅ አልነበረውምና ጴጥሮስንና ጳውሎስን ለመቀበል ቤቱን አስፍቶ ሠራ። ዓረብ ይህን አላደረገም፤ ጴጥሮስን ቡጥሩስ ብሎ አለፈ።

በአንጻሩ ጽርኣውያን ራሳቸው በሺሕ ዓመታት ውስጥ አነጋገራቸውን ለወጡ። ኤ ይሉት የነበረውን ኢ አሉት፤ በ ይሉት የነበረው ቨ ሆነ። ስለዚህ እኛ ባስልዮስ የምንለውን ቅዱስ ዛሬ ቫሲሊዮስ፣ ጳውሎስን ፓቭሎስ፣ ቀርጤስንም ክሪቲ ይሏታል። ጳውሎስ በሚለው ስም መካከል ያለችው ው፣ ወንጌል በሚለው ቃል ራስ ላይ ያለችው ወ፣ ዛሬ በአቴና ጎዳና ላይ ማንም የማይሰማቸው የጥንት ድምፆች ናቸው። በባሕር ሥር የወደቀ እንስራ ከላይ ነገሥታት ሲለዋወጡ እርሱ በአሸዋ ተሸፍኖ እንደሚቆይ፣ እነዚህም ድምፆች በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ ተቀብረው ቆዩ።

እንስራ ስል የማወራው ስለ ምናባዊ ነገር አይደለም። በኤርትራ የባሕር ጠረፍ ከሚገኙት የአሳርካ ደሴቶች በአንደኛዋ፣ ጥቁር አሳርካ በምትባለው አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የአንድ ጥንታዊ መርከብ ስባሪ ተገኝቶ በ1997 ተቈፍሯል፤ ጭነቱም ወገቡ የተሸነተረ፣ ታቹ የሾለ፣ ሁለት ጆሮ ያለው የሸክላ እንስራ ነበር። የዚህ እንስራ ዘር በአዱሊስም በአክሱምም ተገኝቷል፤ የተሠራበት ምድጃም በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዛሬ ዓቃባ በሚሏት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ኤላት ብሎ በሚጠራት ከተማ ታውቋል። እንግዲህ የሶርያና የግብፅ ነጋዴ ጽርእ እየተናገረ ወይኑንና ዘይቱን በዚህ ዓይነት እንስራ ሞልቶ ወደ አዱሊስ ሲያወርድ፣ በወደቡ ተቀምጦ የሚመዘግበው የአክሱም ጸሓፊ የሰማውን ስም በሰማው ድምፅ ጻፈ። የሸክላ ሠሪ ሴቶቻችን የእንስራን መያዣ ጆሮ ማለታቸው ያለ ነገር አልመሰለኝም።

የዚያ መርከብ ዕንጨት የት ገባ የሚል ቢኖር፣ የባሕር ትል በላው ነው መልሱ። ፕሮቆጵዮስ የተባለው የስድስተኛው መቶ ዓመት ታሪክ ጸሓፊ በዚያ ባሕር የሚሄዱት የሕንድና የእኛ ወገን ሐመሮች በብረት ችንካር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ይነግረናል፤ ከማግኔት ድንጋይ ፍርሃት የተነሣ ነው የሚለውንም ተረት አይቀበልም፣ ብረት ስለሚቸግራቸው ነው ይላል። ገመዱ ይበሰብሳል፣ ሳንቃው ይበላል፣ እንስራው ብቻ ይቀራል። የቃልም ነገር እንዲሁ ነው፤ ነጋዴው፣ ዋጋው፣ ክርክሩ ሁሉ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ከነዚያ ሐመሮች አንዱ ያመጣልንን ስም ሳላነሣ ላልፍ አልችልም። የጢሮሱ ፈላስፋ ሜሮጵዮስ ከሁለት ብላቴኖች ጋር ከጕዞው ሲመለስ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደብ በያዘ ጊዜ፣ የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ኖሮ በመርከቡ የነበሩትን ፈጁ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ የተገኙትን ሁለቱን ልጆች ግን አዝነው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ሩፊኖስ ይህን የጻፈው ከሁለቱ አንዱ ኤዴስዮስ ሲናገር ሰምቶ ነው። ሁለተኛው ልጅ ከሣቴ ብርሃን ሰላማ ሆነ። ስሙ በጽርእ ፍሩመንትዮስ ነበር፤ እኛ ዘንድ ፍሬምናጦስ ሆኗል። ጣው በጠ መጻፉ ደንቡን ጠብቋል፣ አናባቢዎቹ ግን ተለዋውጠው እንደ ተሰበረ ገንቦ ተገጣጥመዋል። የገልባጭ ስሕተት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሕዝቡ በስሙ መጀመሪያ ላይ ፍሬ የሚለውን የራሱን ቃል ሰምቶ ደስ ብሎት ያስቀረው ይመስለኛል፤ ይህም ግምት ነው እንጂ ማስረጃ የለኝም።

ስም በአንድ ወገን ብቻ አይሰበርም። የእኛን ነገሥታት ስም ጽርኣውያን ምን እንዳደረጉት ማየት ለፍርድ ይጠቅማል። አንዱ ኢዛና በራሱ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ አኤይዛናስ፣ በገንዘቡ ላይ ኤዛናስ፣ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ በላከው ደብዳቤ ደግሞ አይዛናስ ተብሏል። ይህ ልዩነት በከንቱ አልመጣም፤ በዚያ ዘመን አ እና ኢ ሆነው የሚጻፉት ሁለት ፊደሎች ኤ ተብለው መነበብ ስለ ጀመሩ፣ ጸሓፊው በአንዱም በሌላውም ቢጽፍ አንባቢው የሚሰማው ያንኑ ድምፅ ነበር። ዐፄ ካሌብማ የባሰ ደረሰበት። እለ አጽብሐ የሚለውን ስመ መንግሥቱን ነጋዴው ቆስማስ ኤላትዝባአስ፣ ፕሮቆጵዮስ ኤሌስቴዎስ አሉት። ጸ እና ሐ በጽርእ አፍ የማይያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ተሰንጥቆ ሁለት ሆነ፣ አንዱ እንደ ጢስ በነነ። እነርሱ የእኛን ጸ መያዝ ሲያቅታቸው የእኛ አባቶች የእነርሱን ጲ ለመያዝ ፊደል መፍጠራቸውን ባሰብሁ ቍጥር፣ ትምክሕት ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ፣ ጥቂት እታበያለሁ።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ቃጳን በቀ፣ ጣውን በጠ መጻፍ የግዕዝ ብቻ ጥበብ አይደለም፤ ሱርስትም ዓረቢም ያደርጉታል። ደንቡም ቀዳዳ አለው፤ ክርስቶስ በሚለው በከበረው ስም ውስጥ ጣው በጠ ሳይሆን በተ ተጽፏል። ደግሞም የጽርእ ስሞች ሁሉ በአዱሊስ በር አልገቡም። ብዙዎቹ ዘግይተው፣ መጻሕፍት ከዓረቢ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ፣ በበረሃው መንገድ መጥተዋል። አሌክሳንድሮስ እስክንድር የሆነው ዓረብ «አል» የሚለውን የስሙን መጀመሪያ የራሱ ቋንቋ የእምርነት ምልክት መስሎት ገንጥሎ ስለ ጣለው ነው፤ ፕላቶንም አፍላጦን የሆነው በዚያው መንገድ ነው። በራያ ሜዳ የክርስቲያኑ ልጅ ኤልያስ፣ የእስላሙ ጎረቤቱ ልጅ ኢልያስ ሲባል፣ ኤሊያሁ የሚለውን የዕብራይስጥ ስም በስ የቋጨው የጽርእ አፍ መሆኑን ሁለቱም አባቶች ሳያውቁ በአንድ መስክ ላይ ከብቶቻቸውን ያሰማራሉ። ያን የነሐስ ምስል ሬሳ ነው ብሎ የደነገጠው ጠላቂም ኤልያስ ነበር።

ዛሬ የተከፈተው ሦስተኛው በር የእንግሊዝኛው ነው፤ እኔም የምከራከረው በዚህ በር ላይ ቆሜ ነው። በዜናችን ቆጵሮስ ሳይፕረስ፣ ቀርጤስ ክሪት ተብላ ስትነገር እሰማለሁ። በትምህርት ቤት ባለ ሦስት ማዕዘኑን ደንብ ያወጣው ሊቅ ፓይታጎረስ ይባላል፤ የገዛ አገሩ ሰው እንኳ በዚህ ስም ቢጠራ ዞር አይልም። ሰው ከማያውቀው ቋንቋ ስም ሲዋስ ከሦስተኛ ሰው አፍ መቀበሉ ግድ ሊሆን ይችላል። በጓዳው ያለውን ትቶ ከጎረቤት የተሸረፈ ዕቃ ሲዋስ ግን ባለቤቲቱ ዝም ማለት የለባትም። ከቆጵሮስ ጠረፍ፣ ቂሬንያ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ጠላቂ ያገኘው መርከብ ወደ 400 የሚጠጋ እንስራ ይዞ ከ2,000 ዓመት በላይ ተኝቶ ነበር፤ ያገኘው ሰው ስም አንድሬያስ፣ በእኛ እንድርያስ ነው። ይህን ዜና በአማርኛ የሚያነብ የቆቦ ገበሬ «ሳይፕረስ» ሲባል የትኛው ዓለም እንደ ሆነ ይጠፋዋል፤ «ቆጵሮስ» ቢባል ግን በርናባስ የተወለደባት፣ ከሐዋርያት ሥራ ሲነበብ የሰማት ደሴት መሆኗን ያስታውሳል። የመርከብ መሰበርንም ታሪክ ያወቀው ከዚያው መጽሐፍ ነው፤ 276 ነፍስ የጫነው የጳውሎስ መርከብ በመላጥያ ደሴት ሲሰበር፣ ከዚያም ሐዋርያው የዲዮስቆሮስ ዓላማ ባለበት በሌላ የእስክንድርያ መርከብ ሲሳፈር ሰምቷል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ስሙ በመጽሐፍ ቅዱስና በስንክሳር ካለ ያንኑ እንጻፍ፤ ከሌለም ቃጳን በቀ፣ ጣውን በጠ፣ ጲን በጰ፣ ቴታን በተ እየጻፍን አባቶቻችን ባቆሙት ሚዛን እንመዝን። ይህ የቤተ ክህነት ሰዎች አምሮት ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ ፊደሉ ግን የቤተ ክህነት ብቻ አይደለም፣ ከ፩ እስከ ፻ የምንጽፍባቸው አኃዞች ራሳቸው ከጽርእ ፊደል የተቀረጹ ሲሆኑ በቆቦ ገበያ ሒሳብ የጻፈባቸው ነጋዴ ሁሉ ቄስ አልነበረም። ድርቅ ያለ ሕግም አልፈልግም። የዛሬዪቱን ማልታ መላጥያ ብንላት መልእክተኛዋ የሚገባው አይመስለኝም። የዘመናችን ሰው ራሱን በጠራበት ስም ይጠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በቱርክ ጠረፍ ከባሕር ሥር የሚደረገውን ቍፋሮ በሥርዐት የጀመረውን አሜሪካዊ ጆርጅ ባስን ጊዮርጊስ ባስ ብሎ ክርስትና የሚያነሣው አያሻም፤ በአሳርካም የቈፈሩት እርሱ ካቋቋመው ተቋም የመጡ ናቸውና ምስጋናው በስሙ ይድረሰው።

ለወንድሜ ልጅ ደሴቲቱን አንጢቂቴራ ብሎ እንዲጽፍ ነገርሁት፤ በፈተና ላይ ግን መምህሩ የሰጠውን አጻጻፍ እንዲከተል አስጠነቀቅሁት፣ በእኔ ክርክር ምክንያት ማርክ እንዲጐድልበት አልፈልግምና። እርሱም የሰፍነግ ለቃሚዎቹን አለቃ ድሜጥሮስ ብሎ ጻፈና «የአባቱን ስምስ?» አለኝ። በአገሩ ሰዎች አፍ ኮንዶስ፣ በእኛ ሚዛን ቆንጦስ ነው፤ ትርጕሙም አጭር ማለት ነው አልሁት። ጥቂት አሰበና ሁለቱንም ጐን ለጐን ጽፎ ደብተሩን አጠፈ።